እናት የማትቆጠርበት ዘር

ሽማግሌ ቤታችን የመጣ ዕለት ሰባት አባቶቼ ተቆጠሩ። ቆጣሪው የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ከሱሉልታ በጠዋት ተነስተው መጥተው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ከአባቴ አባት፣ ወደ አያቴ አባት፣ ወደ እሱ አባት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ደረሱ። የዛሬው ባለቤቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ አጠገቤ ነበር፣ የእሱ ወገኖችም የራሳቸውን ቆጠሩ። የትም ቦታ አልተገናኘንም። «እሰይ! አይነካካም፣ የጠራ ዘር ነው» ተባለ። ተጨበጨበ፣ ተጸለየ። በሁለቱም ወገን ጴንጤዎች ነን። ቢሆንም እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም።

አንድም ሰው «የእናቷስ?» አላለም። እናቴ እዚያው አጠገባቸው አንገቷን ደፍታ ለስላሳ ትቀዳለች። ያን ጊዜ በሆዷ «ተመስገን፣ አለፈ» እያለች እንደነበር ዛሬ በደንብ አውቃለሁ። ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ታናሽ ወንድሜ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ መስኮቱ ስር ነበር። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ፖሊዮ ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ። «ክትባት አምልጦት ነው፣ የኔ ጥፋት ነው»። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። ፖሊዮ ማንንም አያስፈራም፣ ከእኅት ወደ ልጅ አይሄድም። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እኮ! ሮጦ ያደገ ልጅ በሰባት ዓመቱ ደረጃ መውጣት አቅቶት፣ በአሥር ዓመቱ መቆም አቅቶት፣ ቀጥሎ ደግሞ ክንዱ እየደከመ ከሄደ ፖሊዮ እንዳልሆነ አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? ማግባት ፈልጌ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ጉዳዩ የራሴ ትምህርት መሆኑ ነው። በየዓመቱ ጉለሌ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤታችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሴል እንዴት እንደሚከፈል እስላለሁ። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም አላት፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። አንዱ ኤክስ ላይ እንከን ካለ ሴቷ መጠባበቂያ አላት፣ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነካት ትኖራለች። ወንዱ ግን ሌላ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው በሽታ በእናት በኩል ተደብቆ ይወርዳል፣ ወንድ ልጅ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ሰባት አይደለም ሰባ አባት ብትቆጥር አታገኘውም። ይህንን በቾክ እየጻፍኩ፣ ተማሪ ጠይቄ፣ ፈተና አውጥቼ፣ አርሜ፣ የራሴን ቤት አንድ ቀን እንኳ ሰሌዳው ላይ አልሳልኩም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ከተጋባን በኋላ የአማቼ ጥያቄ ጀመረ። «ጽንስ አልይዝ አለሽ እንዴ ልጄ? እንጸልይ?» ይሉኛል በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የያዘኝ። ወንድ ልጅ ብወልድስ? አንድ ቀን ወንድሜንና እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ። ነጭ ወረቀት ላይ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እየሳለች የቤተሰባችንን ዛፍ ትሠራለች። ወንድሜን አራት ማዕዘን አድርጋ ውስጡን በእስክሪብቶ አጠቆረችው። ቀጥላ እናቴን «እርስዎ ወንድሞች ነበሩዎት?» አለቻት።

«የለኝም» አለች እናቴ።

«ሁለት ነበሯት» አልኩ እኔ። «በልጅነታቸው ነው የሞቱት»።

እናቴ ብትችል እዚያው ብትውጠኝ ደስ ይላት ነበር። «አንዱን ምች መታው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «አንዱ ደግሞ ከዛፍ ላይ ወደቀ»።

«ከመሞታቸው በፊት ይራመዱ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

ወንድሜ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ቀና አለ። «እማዬ፣ መራመድ ካልቻለ ዛፉ ላይ ማን ሰቀለው?» አላት። እኔ ሳልወድ ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነስታ ወጣች። ሐኪሟ ምንም ሳትል ሁለቱን አጎቶቼን ሳለች፣ ሁለቱንም አጠቆረቻቸው።

ከጳውሎስ ሆስፒታል በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ ያልተባባልነው የለም። ወንድሜን ከፊት ወንበር አስቀምጠን፣ ዊልቸሩ ታጥፎ ጉልበታችን ላይ ሆኖ፣ እኔና እሷ በሰው ፊት ተጯጯህን። «አንቺን ለመዳር ነው!» አለችኝ። «ማን ነበር የሚያገባሽ? የሞቱ አጎቶችሽን ብቆጥር ማን በራችንን ያንኳኳ ነበር? ውለታ ቢስ!» እኔም «ለኔ ብለሽ አይደለም፣ ለራስሽ ስም ነው!» አልኳት። ሾፌሩ በመስታወት እያየን «እናትና ልጅ፣ ኧረ ውረዱና ተጣሉ» አለ። አልወረድንም። እስከ ሰፈራችን ዳገት ድረስ እንደተኮራረፍን ሄድን።

የወንድሜ ደም ሲመረመር ጡንቻን እያመነመነ የሚገድል የዘር በሽታ ሆኖ ተገኘ። የኔም የደም ምርመራ መጣ። ተሸካሚ ነኝ። ከምወልዳቸው ወንዶች ለግማሽ ያህሉ በሽታው ይደርሳቸዋል፣ ከሴቶቹም ግማሽ ያህሉ እንደኔ ተሸካሚ ይሆናሉ። ማታውኑ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሰደበኝ ብል ውሸት ነው። ብቻ አየኝና «ፖሊዮ ነው ብላችሁን ነበር» አለ።

«እናቴ ናት ያለችው»።

«አንቺም ነቀነቅሽ። አጠገብሽ ነበርኩ፣ አይቼሻለሁ»።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን እናቱ መጡ። ነግሯቸዋል ማለት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፣ የኛ ግን አንድ ጊዜ ነው የተራገፈው። አማቼ ሳይቀመጡ «የታመመ ዘር ሸፍናችሁ ሰጣችሁን!» አሉ። ነገሩ እናቴ ጆሮ ሲደርስ እሷ ደግሞ ባሰባት። «ምን ሲደረግ! ሰባት ቤት ተቆጥሮ አይደል እንዴ የወሰዳችኋት? ጉድለቱን ከዚያ ፈልጉ!» ብላ ላከችባቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በመካከል እኔ ቆሜያለሁ፣ የሚያየኝ የለም።

መላውን የነገረችኝ ያችው ሐኪም ናት። እንቁላልና ዘር ከማሕፀን ውጭ ይገናኛሉ፣ የሚፈጠሩት ጽንሶች ይመረመራሉ፣ በሽታው የሌለበት ማሕፀን ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ስሰማ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተስፋ አድርጌ አላውቅም። አማቼ ግን እሳት ለበሱ። የጸሎት ጓደኞቻቸውን ይዘው ቤቴ ድረስ መጥተው «ጌታ የሰጠውን መቀበል ነው! ሰው እንደ ሽንኩርት ይመረጣል? ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው!» አሉኝ። «እርስዎ ጌታ የሰጠዎትን እኔን መቼ ተቀበሉኝ?» አልኳቸው። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኔ ሆነና «እንሞክረዋለን እማዬ» አለ። ለዚህ ቃሉ ዛሬም አመሰግነዋለሁ፣ ሌላው ሌላ ነው።

ስለ መርፌውና ስለ ሕመሙ አላወራም። ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ። በክሊኒኩ ስክሪን ላይ የመጀመሪያውን ጽንስ አሳዩኝ። አንዱ ሴል ሁለት ሆኗል፣ ሁለቱ አራት። ይሄንኑ ስንት ጊዜ በቾክ ስዬ፣ ደወል ሲደወል አጥፍቼዋለሁ። አሁን ግን ከስክሪኑ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከዳር ዳሩ ጥቂት ሴሎች ይወሰዳሉ፤ የሚወሰደው ልጁ ከሚሆነው ሳይሆን እንግዴ ልጁ ከሚሆነው ክፍል ነው። ሴሎቹ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ተላኩ፣ ጽንሶቹ እዚሁ በቅዝቃዜ ተቀመጡ። ለምርመራ የበቁት አራት ነበሩ።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱን ሊነግሩን ጠሩን። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ ሁለቱም በሽታው አለባቸው። አንዷ ሴት የክሮሞሶም ቁጥሯ የተዛባ ነው፣ አታድግም። አራተኛዋ ሴት ናት፣ ደህና ናት፣ ተሸካሚ ናት።

«ተሸካሚ ማለት?» አለ ባለቤቴ፣ መልሱን እያወቀ።

«እንደ ባለቤትዎ» አለች ሐኪሟ።

እኔ ደስ አለኝ። አልዋሽም። አንዲት ልጅ አለችኝ! እንደኔ የምትሮጥ፣ እንደኔ የምትናገር። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፣ እሱ ጠረጴዛውን ያያል። «ሌላ ዙር ብንሞክርስ?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሟ «የእናንተ ውሳኔ ነው» አለች። ይቺ ቃል እንዴት እንደምታስጠላ! ሰው መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጨነቅ «የራስህ እግር ነው» እንደማለት ነው።

ባለቤቴ የሚሠራው እንጦጦ ተዳፋት ላይ ባለ የችግኝ ጣቢያ ነው። በነጋታው ከትምህርት ቤት ወጥቼ እዚያው ሄድኩበት። ቁጭ ብሎ ከፕላስቲክ ከረጢቶቹ ውስጥ የቀጨጩ ችግኞችን እየነቀለ ወደ ጎን ይጥላል።

«እናቴን አማክሬያት ነበር» አለኝ ቀና ሳይል። «ያው ናት አለችኝ። ልጅቷ አድጋ ስታገባ ይሄው መከራ ይደገማል። እዚሁ ይቁም ነው የምትለው። እኔም ሳስበው... ማለቴ... ልክ ሳትሆን አትቀርም»።

ወይ ጉድ! መምረጥ ኃጢአት ነው ብለው ቤቴን በጸሎት ያናወጡት ሴት፣ ምርጫው ሲመጣ ከሁላችንም በላይ መራጭ ሆነው ተገኙ። «እሷ እኮ አትታመምም» አልኩት።

«አውቃለሁ»።

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

«ምንም። ግን እንዲህ ያለውን ካወቅነው... አየሽ፣ ችግኝም እኮ...» ብሎ እጁ ላይ ያለውን አሳየኝ።

ቆሽቴ አረረ። ችግኙን ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩት። «እሷ ያላት እኔ ያለኝን ነው! እኔ የሌለኝ አንድም ነገር የላትም! እሷን የማይፈልግ ሰው እኔን ምን ያደርገኛል? እንግዲያው እኔንም ንቀለኝ!» ስል ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አዩን። ባለቤቴ «አንቺን መቼ አልኩ?» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «አልክ» አልኩት። «አሁን አልክ»። ጥዬው በእግሬ ቁልቁል ወረድኩ።

የሄድኩት እናቴ ቤት ነው። ወገቧ ቀኑን ሙሉ ስለማይችል ወንድሜን በየቀኑ ከሰዓት እየሄድኩ የማገላብጠው እኔ ነኝ። እሱ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አሁን ያለ ሰው እርዳታ ጎኑን እንኳ አይቀይርም። አልጋው ከጓዳ ነው፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎን ቁጭ ብዬ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስድብ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሴቷን ያዢ። ወንዶቹን ተያቸው ልጄ» አለችኝ። «እኔስ፣ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ...»

ከጓዳው ድምፅ መጣ። «ጨርሺዋ!»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጨርሺዋ እንጂ እማዬ! ቢኖር ኖሮ ምን?»

አልጨረሰችውም። ጫማዋን ሳታደርግ ወደ ጊቢ ወጣች። እኔ ወደ ጓዳው ገባሁ። ወንድሜ ዓይኑ ብቻ ነው የዞረው። እስከዚያ ቀን ለእሱ ስለ ሕክምናው የነገርኩት «ልጅ እንዲይዝልኝ ነው» ብዬ ብቻ ነበር። ለካ ስልኩ ላይ ሁሉንም አንብቦ ጨርሷል።

«ወንዶቹ ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ሁለት»።

«ሁለት እኔ» አለ። «በቃ ሰፈሩን ይሞሉት ነበር»።

«እንደሱ አትበል። አንተ ሌላ ነህ፣ አንተ ሰው ነህ። እነሱ ገና ጥቂት ሴሎች ናቸው»።

«አንቺስ በሴል አልጀመርሽም ቲቸር?» በየቀኑ የሚያሾፍብኝ በዚህ ቃል ነው፣ ያን ቀን ግን አልሳቀም።

እኔም ተናደድኩ። ለሁሉም ሰው የተናደድኩት ተጠራቅሞ እሱ ላይ ፈሰሰ። «ታዲያ ምን ላድርግ? እስቲ ንገረኝ! ልውለዳቸው? አንተ የምታየውን ይዩ? አንተው ንገረኝ!»

«አሃ» አለ። «እኔን ልታስፈርሚኝ ነው የመጣሽው»።

«ማን አለህ?»

«ነው እንጂ። እህቴ አይዞሽ፣ ጣያቸው፣ እኔም ብሆን ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር እንድልሽ ነው የምትፈልጊው። አልልሽም። ውለጃቸውም አልልሽም፣ እብድ አይደለሁም፤ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረኝ ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ። የፈለግሽውን አድርጊ። ግን የኔን ሕይወት በኔው አፍ አታስሰርዢኝም»። ትንሽ አርፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ስናይ ስቄ ስቄ እንባዬን የምትጠርጊልኝ ጊዜ፣ ያኔም በሽታው አለብኝ። እሱንም ጻፊው ቅጹ ላይ»።

ክሊኒኩ በሚያስሞላው ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም።

ባለቤቴ በሳምንቱ ለሴቷ ፈረመ። እንዴት እንደፈረመ ልንገራችሁ፤ «እሷን የጣልክ ቀን እኔንም ለእናቴ መልሰህ ልታስረክብ ነው» አልኩት፣ እስክሪብቶውን አነሳ። አምኖ ይሁን ሰልችቶት እስካሁን አላውቅም፣ አልጠየቅኩትምም። ልጅቷ ማሕፀኔ ውስጥ ይዛለች። ይህን ስጽፍ ሆዴ ውስጥ ትራገጣለች። አማቼ አንድም ቀን መጥተው አላዩኝም፣ ይቅርባቸው። እናቴም ለሁለቱ ወንድሞቿ እስከ ዛሬ ምች እና ዛፍ እንዳለች ነው፣ ልትሞትም ነው ከዚሁ ጋር።

ስለ ወንዶቹም በዚያው ቀን የሚሞላ ቅጽ ነበረ። ለእያንዳንዱ ጽንስ አንድ መስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር ሦስት ሳጥን፦ ይቀመጥ፣ ለምርምር ይሰጥ፣ ይወገድ። ባለቤቴ «ይሄን አንቺ ሙዪው» ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ይቀመጥ ማለት ፈሪነት ነው አልኩ፤ አልወልዳቸውም፣ ታዲያ ለማን ነው የሚቀመጡት? ለምርምር ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። ሁለቱም መስመር ላይ ይወገድ የሚለውን አጠቆርኩ። ትክክል የመሰለኝን ነው ያደረግሁት። ዛሬም ብጠየቅ እሱኑ አጠቁራለሁ፣ ይሄን ስል ግን ማንም አይዞሽ እንዲለኝ አልፈልግም።

ከዚያ እንደወትሮዬ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ወንድሜ ፊቱን ወደ በሩ፣ ወደምገባበት አድርጎ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ሁልጊዜ ወሬ እንድናወራ የሚመርጠው ጎን ነው። ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ፈረምሽ?» አለኝ።

«ፈረምኩ»።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም»።

አልተቆጣም። ከጊቢ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሲደፋ ይሰማል። «ወደ ግድግዳው አዙሪኝ» አለ።

«አልደከመህም ገና፣ አሁን ነው እማዬ ያዞረችህ»።

«አዙሪኝ»።

አንዱን እጄን ከትከሻው ስር፣ አንዱን ከዳሌው ስር አስገባሁ፣ ወደኔ ሳብ አድርጌ ቀስ ብዬ ገለበጥኩት፣ በጉልበቶቹ መሃል ትራሱን አስገባሁለት። ብቻውን መዞር ስለማይችል፣ ጀርባውን እንዲሰጠኝ ያዞርኩት እኔው ነኝ።